በስፒል የተያያዘው የአምስት ዓመት ዕቅድ

እኅቴ ልብስ ሰፊ ናት። ዕድሜዋ አርባ ሦስት ዓመት ነው። የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ የሠፈሩ ሰው «እትዬ ሜትር» ይላታል። እኔ በሰባት ዓመት የምበልጣት ወንድሟ ስሆን፣ ሥራዬ ቁልፍ መቅረጽና ጓጉንቸር መጠገን ነው። ሱቆቻችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው በስስ የጣውላ ግድግዳ የተለዩ ናቸው። በግድግዳው ላይ መቀስና የሻይ ብርጭቆ የምንቀባበልባት አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፈው በዐይኔ ያየሁት ወይም በዚያች መስኮት የሰማሁት ነው፤ ያላየሁትንና ያልሰማሁትን አልጨመርኩም።

ባለፈው ዓመት በክረምቱ መግቢያ፣ በዕለተ ሰኞ፣ ለእኅቴ ከኮሌጅ ደብዳቤ መጣላት። ደብዳቤው በማታው ክፍል የንግድ ሥራና ፈጠራ የዲግሪ ትምህርት ለመከታተል ቦታ ማግኘቷን ይገልጻል። ሦስት ዓመት በተከታታይ አመልክታ፣ ሦስት ዓመት በተጠባባቂነት የቆየችበት ቦታ ነው። ነገር ግን አንድ ግዴታ ነበረው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትወስዳቸውን የትምህርት ዓይነቶች በየሴሚስተሩ ደልድላ፣ አማካሪ መምህሩን አስፈርማ፣ እስከ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ለሬጅስትራር እንድታስገባ ያዝዛል። ዕቅዱ ከአምስት ዓመት ከበለጠ ወይም ሳይፈረም ቀኑ ካለፈ፣ ቦታው ለሚቀጥለው ተጠባባቂ ይሰጣል።

«ጋሼ፣ ገባሁ!» አለችኝ ደብዳቤውን በመስኮቷ እያሾለከች።

ወደ ብርሃን አድርጌ ማኅተሙን አየሁት። «እውነተኛ ይመስላል» አልኳት።

«ይመስላል?»

«ማኅተም የሚቀርጽ ሰው አውቃለሁ።»

«እሱ ሰውዬ እኔን አያውቀኝም፤ ምን ብሎ ይለፋብኛል?» ብላ ሳቀች።

በማግስቱ ማለዳ ኮሌጁን ራሴ ሄጄ አየሁት። ሕንፃው አለ። ተማሪም አስተማሪም ይገባል፣ ይወጣል። የሬጅስትራሩ በር ቁልፍ ግን በፀጉር መርፌ የሚከፈት ዓይነት ስለነበረ፣ የዚህን ሁሉ ሰው ውጤት በእንዲህ ያለ ቁልፍ መጠበቅ ነውር መሆኑን ለዘበኛው ነገርኩት። ዘበኛው መታወቂያዬን ጠየቀኝ። ትክክል ነበር፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር።

እዚህ ላይ ይህ ትምህርት ለእኅቴ ምን እንደሆነ መግለጽ ይገባኛል። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ መርፌ የያዘችው እናታችን በታመመች ጊዜ ነው። የቀረውን በማታ ትምህርት በስድስት ዓመት ጨረሰችው፤ በሒሳብ ያገኘችው ውጤት ግን ዝቅተኛ ነበር። በሱቋ ለተማሪዎች የምትሰፋው አንድ ሱሪ አላት። የወገቡና የእግሩ ጫፍ በውስጥ በኩል ታጥፎ የተደበቀ ጨርቅ አለው። ልጁ ሲረዝም እናትየው አንዲት ክር ትስባለች፣ ሱሪውም አብሮ ይረዝማል፤ የቀድሞው እጥፋት መሥመር በውጭ አይታይም። ደንበኞቿ ሱሪውን «አብሮ አደግ» ብለውታል።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዱን አጥፋ ይዛ ወደ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሄደች። ሥራ አስኪያጁ ሱሪውን ካገላበጠ በኋላ ሦስት ነገር ጠየቃት። ከሠፈርሽ ውጭ ማን ይገዛዋል? አንድ ዓይነት የሆነ አንድ ሺህ ሱሪ እንዴት ታወጫለሽ? ሌላ ሰው አይቶ ቢሠራውስ ምን ትሆኛለሽ? አንዱንም አልመለሰችም። ተመልሳ መጥታ እንዲህ አለችኝ፦ «ሱሪውን ነው የማውቀው ጋሼ፤ ንግዱን አላውቀውም። የሚያስተምሩበት ቦታ ካለ እማረዋለሁ።»

ለሦስተኛው ጥያቄ እኔ መልስ ነበረኝ። አብሮ አደግ የሚቆረጥባቸው አሥራ አራት የካርቶን ልኮች አሉ። እነርሱን ፋብሪካው ከመሄዷም አስቀድሞ በእኔ ሱቅ ውስጥ ባለ የብረት ሣጥን አስገብቼ፣ እኔው በሠራሁት ቁልፍ ቆለፍኩባቸው። ጠዋት ቆጥሬ እሰጣታለሁ፤ ማታ ቆጥሬ እቀበላታለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የኮሌጁን የመመሪያ መጽሐፍና ትናንሽ ሣጥኖች የተሠሩበትን ቅጽ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻቸው። ከዚያም ቅጹን ወደ ጎን አደረገችው።

«በዚህ ላይ ማሰብ አልችልም» አለች። «ሳይዘረጋ ምኑ ይታየኛል?»

የልክ ወረቀት አወጣችና መቀሷን አነሣች። ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት አንድ ቁራጭ ቆረጠች፤ ስፋቱም ለአንድ ክሬዲት አንድ ጣት ነው። የሦስት ክሬዲት ትምህርት ሦስት ጣት፣ የሁለቱ ሁለት ጣት ሆነ። የመጨረሻው የፈጠራ ፕሮጀክት ስድስት ክሬዲት ስለሆነ ከሁሉ ሰፊ ነበር። ከገበር ጨርቅ ደግሞ አሥር ቅዳጆች ቀድዳ ለአሥሩ ሴሚስተር ግድግዳው ላይ ሰቀለቻቸው። የእያንዳንዱ ርዝመት አሥራ ሁለት ጣት ነው፤ በአንድ ሴሚስተር ከዚያ በላይ አይፈቀድምና።

በሱቋ ደጃፍ በዱካ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ የምትተክልና የቁልፍ ቀዳዳ የምትሰፋ አንዲት ሴት አለች። ከእኅቴ ጋር ስድስት ዓመት ሠርታለች። ምላሷ ከመርፌዋ ይፈጥናል። እኔም እርሷም የቁልፍ ሠራተኞች በመሆናችን «ባልደረባዬ» እያለች ትጠራኛለች፤ እኔ ግን ቁልፍ ተካይዋ ከማለት አላልፍም።

«እትዬ፣ ይሄ ስታትስቲክስ የሚሉት እጅጌ ነው ኪስ?» አለቻት ቁራጩን አንሥታ።

«አንገትጌ ሳይሆን አይቀርም» አለች እኅቴ፤ «ያንቃል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ልብስ ሰፊ ጨርቅ ላይ ልክ ሲዘረጋ አስቀድሞ ሰፋፊዎቹን ያስቀምጣል። ቀጥሎ በመካከል በቀሩት ክፍተቶች ትናንሾቹን ያስገባል። የማይገባ ካለ ገልብጦ ይሞክረዋል፤ ጨርቅ እንዳይባክን። እኅቴ ይህንን ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ ስትሠራው የኖረች በመሆኗ፣ የትምህርቱንም ዕቅድ እንዲሁ ዘረጋችው። የፈጠራ ፕሮጀክቱን ልኩ በገጠመበት በአንደኛው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር አኖረችው። ረቡዕ ቀትር ላይ ሲያልቅ በአሥሩ ቅዳጅ ላይ አንዲት ጣት ክፍተት አልነበረም። ልብስ ሊለኩ የመጡ ሰዎች ቆመው አደነቁ። በእውነትም ያምር ነበር። ነገር ሲያምር ግን እኔ እጠረጥራለሁ።

የመመሪያ መጽሐፉን አምጪ አልኳትና በሱቄ ተቀምጬ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ።

ቁልፍ ተካይዋ አንገቷን በመስኮቷ አስገብታ አየችኝ። «ባልደረባዬ፣ መጽሐፍ ከኋላ ተጀመረ እንዴ?»

«ውል የሚነበበው ከኋላ ነው» አልኳት።

«ውይ እርስዎ! ጥላዎንም እኮ መታወቂያ ይጠይቁታል!»

ማንበቤን ቀጠልኩ። ከመጨረሻው በፊት ባለው ገጽ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የምፈልገውን አገኘሁ። የትኛው ትምህርት ከየትኛው በፊት መወሰድ እንዳለበት ተዘርዝሯል። ስታትስቲክስ ሳይወሰድ የገበያ ጥናት አይወሰድም። ያለ ገበያ ጥናት የምርት ንድፍ፣ ያለ ምርት ንድፍ የንግድ ዕቅድ፣ ያለ ንግድ ዕቅድ የፈጠራ ፕሮጀክት አይፈቀድም። በአምስቱም ላይ ኮከብ ተደርጓል፤ ኮከብ ያለባቸው በማታው ክፍል በዓመት አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ብቻ ይሰጣሉ ይላል። ከእርሱ በታች ደግሞ በሒሳብ ውጤታቸው ዝቅ ያሉ ተማሪዎች ከስታትስቲክስ በፊት ክሬዲት የሌለውን የመሰናዶ ሒሳብ መውሰድ እንዳለባቸው ተጽፏል። ሁሉንም በእርሳስ፣ የተቀረጸ ቁልፍ ለደንበኛ በምሰጥበት በአንድ የቁልፍ ፖስታ ጀርባ ላይ ገለበጥኩና ወደ ግድግዳዋ ሄድኩ።

«እኅት ዓለም» አልኳት፤ «ፕሮጀክቱ ከገበያ ጥናቱ በሦስት ዓመት ቀድሞ ተሰፍቷል።»

ፖስታውን ተቀብላ አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያም ከፕሮጀክቱ ላይ አንዲት ስፒል ነቅላ በከንፈሯ ያዘቻት።

«ለካ እንደ ከፋይ ጨርቅ ነው» አለች። «ከፋይ ፀጉሩ የሚተኛው ወደ አንድ ወገን ነው። አንዱን ቁራጭ ከገለበጥክ ልብሱ ሁለት መልክ ያወጣል። እኔ እንዳይባክን እንዳይባክን ስል ገልብጬ ቆረጥኩት።»

«ገና አልቆረጥሽም፤ በስፒል ነው ያለው» አልኳት።

«ደግነቱ» ብላ ሁሉንም አወረደችው።

ሐሙስ ጠዋት እንደገና ዘረጋችው። አሁን አስቀድማ አምስቱን ባለኮከብ ቁራጮች ከላይ እስከ ታች በየዓመቱ አኑራ በአንድ ቀይ ክር አያያዘቻቸው። ሌሎቹን በዙሪያቸው ደለደለች። ነገር ግን የመሰናዶ ሒሳቡን በአንደኛው ዓመት ስታስገባው፣ ስታትስቲክስ ወደ ሁለተኛው ዓመት ተገፋ። እርሱ ሲገፋ ሁሉም በየተራ አንድ ዓመት ተገፋና ፕሮጀክቱ ከአሥረኛው ቅዳጅ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ስድስተኛ ዓመት ማለት ነው። በስድስት ዓመት የሚፈርም የለም።

መጽሐፉ አንድ ቀዳዳ ትቶ ነበር። የመሰናዶ ሒሳብ በክረምትም ይሰጣል፤ ሰኞ ይጀመራል፤ ስምንት ሳምንት ይቆያል፤ ዘወትር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ነው። እነዚያ ስምንት ሳምንታት ግን ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ያሉት፣ የሠፈሩ ወላጅ ሁሉ ለዩኒፎርም የሚሰለፍባቸው ሳምንታት ናቸው። የእኅቴ የዓመት ኑሮ የሚሰፋው በእነርሱ ውስጥ ነው። ጠዋቱን ከተወችው ከሰዓቱ ብቻውን አይበቃም።

«ክረምቱን ካልሰፋሁ ደንበኛ የለኝም» አለች ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ። «ከሰፋሁ ደግሞ ትምህርት የለኝም።»

«እኔ እሰፋዋለኋ» አለች ቁልፍ ተካይዋ፣ ከያዘችው ቀዳዳ ቀና ሳትል።

«አንቺ?»

«ምነው? ስድስት ዓመት ቁልፍ ብቻ የተከልኩት እጄ ሌላ ስለማያውቅ መሰለሽ?»

ሦስታችንም ነገሩ ገብቶናል። አብሮ አደግን ለመስፋት አሥራ አራቱን ልኮች መያዝና የእጥፋቱን ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። በመስኮቷ በኩል ሳልኩ።

«ባልደረባዬ ሳሉ» አለች ቁልፍ ተካይዋ። «ያቺ ሳል ለእኔ ናት?»

«ለብረቱ ብናኝ ናት» አልኩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አማካሪ መምህሩ ዘንድ ለመሄድ ጨርቆቹን ስትጠቀልል ለብቻዋ አነጋገርኳት። ቅጹን ብቻ እንድትሰጠው፣ ጨርቁን እንዳታሳየው መከርኳት። ተጠባባቂ ለተሰለፈበት ቦታ የሚፈርም መምህር ጉድለት ቢያገኝ ደስ እንጂ አይከፋውም ብዬ አምን ነበር። «ያልተጠየቁትን ማሳየት በር ከፍቶ መተኛት ነው» አልኳት።

«ጋሼ፣ አንተ በሩን ሳታይ ቁልፍ ትሠራለህ?»

«አልሠራም።»

«ታዲያ እሱ ሳያይ እንዴት ይፈርማል?»

ጥቅሉን ተሸክሜ ተከተልኳት።

አማካሪው መነጽሩ በፕላስተር የተጠገነ ወጣት ነበር። ጠረጴዛው በወረቀት የተሞላ ስለነበረ፣ ወረቀቱን አንሥቶ በወንበሩ ላይ ከመረውና እርሱ ቆመ። እኅቴ ዘረጋችለት። ይስቃል ብዬ ፊቱን እጠብቅ ነበር፤ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ቀዩን ክር በጣቱ ከላይ እስከ ታች ተከተለው።

«እትዬ፣ ይህን ክር ማን አሳየዎት?»

«ወንድሜ ነው። ከኋላ ጀምሮ አንብቦ።»

«ተማሪዎቼ የሚያገኙት ሦስተኛ ዓመት ላይ ሲያደናቅፋቸው ነው» አለ። ጣቱ ከላይኛው ቁራጭ በላይ ቆመ። «ግን ክረምቱን ሒሳብ ካልወሰዱ ክሩ አይደርስም።»

«አውቀዋለሁ።»

«እኔ ፈረምኩ ማለት እርስዎ ሰኞ ክፍል ገቡ ማለት ነው። ስም ሲጠራ ከሌሉ ዕቅዱ ይሰረዛል፤ ያን ጊዜ እኔም ልረዳዎት አልችልም። ልፈርም?»

ብዕሩን አንሥቷል። እኅቴ ብዕሩን አየችው፤ ሜትሯን ባንገቷ ላይ ወዲያና ወዲህ ሳበችው።

«ነገ እመለሳለሁ፣ መምህር» ብላ ጨርቋን ጠቀለለች።

ስንወጣ ወደ ኋላ ቀረት ብዬ «ተጠባባቂው ሰው ማነው?» ስል ጠየቅኩት።

«አላውቅም አባቴ። ዝርዝሩ ያለው ሬጅስትራር ቤት ነው።»

«ያ ቁልፉ የማይረባው ቤት?»

ከልቡ ሳቀ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት እኅቴ እንደ ልማዷ በመስኮቷ አልጠራችኝም። በበሩ ዞራ መጣችና ከሞርሳዬ ፊት ለፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ሣጥኑን ክፈትልኝ። ልኮቹን ለእሷ ልሰጣት ነው።»

«አይታው የራሷን ሱቅ ብትከፍትስ?»

«ትክፈት።»

«እንዲህ በቀላሉ?»

«በቀላሉ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ሳገላብጠው ነው ያደርኩት። የፋብሪካው ሰውዬ ሌላ ቢሠራውስ ሲለኝ ሣጥን እኮ ነበረኝ፤ ግን ሣጥን አለኝ ብዬ ብመልስለት ይስቅብኝ ነበር። አንድ ሺህ ሱሪ ብሎኛል። ስድስት ዓመት አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ካላመንኩ፣ አንድ ሺሁን ማን ሊሰፋልኝ ነው? አንተ?»

ከወገቤ ቁልፉን ፈትቼ ሣጥኑን ከፈትኩ። ከዚያም ወደ እርሷ ሱቅ ሄጄ በቁልፍ ተካይዋ ጉልበት ላይ አንድ፣ ሁለት እያልኩ እስከ አሥራ አራት ድረስ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቆጠርኩላት።

«ልፈርም እንዴ?» አለች እየሳቀች።

«ኧረ አያስፈልግም!» አለች እኅቴ።

«ያስፈልጋል» አልኩ እኔ። በእጄ የተገኘው ያ የቁልፍ ፖስታ ስለነበረ፣ ከትምህርቶቹ ዝርዝር ግርጌ ፈረመች። እስከ ዛሬ በእኔ ዘንድ አለ።

እኅቴም አንድ ሱሪ ገልብጣ የእጥፋቱን ውስጥ አሳየቻት። ቁልፍ ተካይዋ ጠጋ ብላ አየች፤ ጨርቁን በሁለት ጣት ዳሰሰችው።

«ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት።»

«ቁልፉን ስተክል ከውጭ እየዳሰስኩ የደረስኩባት ናት እኮ። አምስት ዓመት ሆነኝ። የሳትኩት የተደበቀው ጨርቅ በአግድም መቆረጡን ብቻ ነው።»

እኅቴ ቀና ብላ አየቻት። «አምስት ዓመት? እና ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ሱሪው ያንቺ ነው።»

ይህን እንደሰማሁት ጻፍኩት። እኔ በዚያን ጊዜ ወደ ሱቄ ተመልሼ ሞረዴን አንሥቼ ነበር፤ የምሞርደው ነገር ግን በሞርሳው ላይ አልነበረም።

መምህሩ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ፈረመ። ለሬጅስትራር የገባው በስምንት ሰዓት ተኩል ነው። የተቀበለችን ሠራተኛ ደረሰኝ አንሰጥም አለች፤ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ እስክትሰጠን ድረስ ከመስኮቱ ፊት አልተንቀሳቀስኩም። ከኋላዬ የተሰለፉት አጉረመረሙ። ደረሰኙ ተሰጠን።

ሰኞ ስም ሲጠራ እኅቴ በክፍሉ ነበረች። ክረምቱን ጠዋት ጠዋት ሒሳብ ተማረች፤ ከሰዓት በኋላ ከቁልፍ ተካይዋ ጋር እስኪጨልም ሰፋች። ሁለት ሱሪዎች እጥፋታቸው ተገልብጦ ስለተሰፋ ተተርትረው ተሠሩ፤ ሌላው ሁሉ በቀኑ ወጣ። ሒሳቡን ያለፈችው በጥሩ ውጤት አይደለም፤ ቢሆንም አልፋለች። ስታትስቲክስ በእርግጥም ያንቃል ትላለች።

አሥሩ ቅዳጆች አሁንም ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ ተሰቅለዋል። አንድ ትምህርት ስትጨርስ ቁራጩን ነቅላ ስፒሉን በቆርቆሮ ውስጥ ትጥለዋለች። ሁለቱ ቅዳጆች ባዶ ሆነዋል፤ ስምንት ይቀራሉ። ሣጥኔ ባዶውን ተቀምጧል። ልኮቹ በእኅቴ ሱቅ ግድግዳ፣ በምስማር ላይ፣ ማንም በሚያያቸው ቦታ ይንጠለጠላሉ። እኔም ሱቄን ከመዝጋቴ በፊት በመስኮቷ በኩል እቆጥራቸዋለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ አሥራ አራት ነበሩ።

ባለፈው ሳምንት አሥራ አምስት ሆኑብኝ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሥራ አምስት ናቸው። ተጣርቼ ጠየቅኩ።

«ለቀሚስ የሚሆን ነው» አለችኝ ቁልፍ ተካይዋ። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት። እትዬ አይታዋለች፤ ለፕሮጀክቴ ይሆነኛል ብላለች። ልፈርምልዎት?»

አያስፈልግም አልኳት።